ሌላው ማነው?

እናቴ በልጅነቷ ፈንጣጣ ይዟት የተረፈች ሰው ናት። ጉንጯ ላይ የቀሩትን ጠባሳዎች ትንሽ ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየዳበስኩ እቆጥራቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት አገራችን ገባ፤ እሷ ቀድማ ተከተበች። ተራው ለኔ ሲደርስ “ሂድ እንጂ ልጄ” ብትለኝ፣ “እስቲ መጀመሪያ ሌላው ይሞክረው” አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ “ሌላው ማነው?” አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና መጀመሪያ የሸሸሁት ወደ ቃሉ ነው። ክታብና ክትባት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ልዩነታቸውን ግን ልብ በሉልኝ፤ ክታብ የሚታሰረው ያሰረውን ሰው እንዲጠብቅ ነው። ክትባት ግን ካልተከተበው ጎረቤት ደጃፍም ይደርሳል።

ፈንጣጣን እንውሰድ። በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የመጨረሻው ታማሚ ኦጋዴን ውስጥ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ። ይህ የሆነው ሰው ሁሉ ተከትቦ እንዳይመስላችሁ። ዘዴው በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ በዙሪያው ያሉትን መክተብና ቫይረሱን መሻገሪያ ማሳጣት ነበር። ክንዱን የሰጠ ገበሬ፣ አይቶት ለማያውቀው የሩቅ መንደር ሰው አጥር ሆነ ማለት ነው።

በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ሶማሊያዊው አሊ ማው ማሊን ነው፤ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ መርካ ከተማ። ሆስፒታል ውስጥ ምግብ እያበሰለ፣ መርፌው ያማል ብሎ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ተረፈ። ኋላም ወላጆች ልጆቻቸውን ለፖሊዮ ክትባት እንዲያቀርቡ እየዞረ ሲያሳምን ቆይቶ፣ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በ2005 ዓ.ም. በወባ ሞተ። የፈራ ሰው ሊማር እንደሚችል እሱ ምስክር ነው።

“ኮሮናና ፈንጣጣ አንድ አይደሉም” ብሎ አንድ ወዳጄ ሞግቶኛል። እውነቱን ነው። ፈንጣጣ ፊት ላይ ይታያል፤ ኮሮና ምልክት ሳያሳይ ይተላለፋል፣ እየቆየም ይለዋወጣል። የኮሮና ክትባት ከጠና ሕመምና ከሞት በእጅጉ ይከላከላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከሞት እንዳተረፈ ተመራማሪዎች ገምተዋል። መተላለፉን ግን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ያም ቢሆን ከጊዜ ጋር ይዳከማል።

ታዲያ ፈጽሞ ካልዘጋ ለጎረቤቴ ምን ዕዳ አለብኝ? እንዲህ ልጠይቃችሁ፤ ልጆች በሚጫወቱበት መንደር መኪናችንን ቀስ አድርገን የምንነዳው፣ ቀስ ማለት አደጋን ጨርሶ ስለሚያስቀር ነው እንዴ? አይደለም። ስለሚቀንስ ነው። መቀነሱ ራሱ ዕዳችን ነው።

እኔ ሳመነታ ወራት አለፉ። አንድ ሳምንት ላይ ኮሮና እኔንም እናቴንም ያዘን፤ ቀድሜ ያሳልኩት እኔ ነበርኩ። እሷ ተከትባ ስለነበር ይመስለኛል፣ ቀለል አላት። ከኔ ይያዛት ከሌላ አላውቅም፤ ብከተብም ኖሮ ላስይዛት እችል ነበር። ይህ ግን አያጽናናኝም። “ሌላው” ብዬ በተናገርኩት ቃል ውስጥ እናቴ ራሷ እንደነበረች አላየሁም።

ከዳንኩ በኋላ ሄጄ ተከተብኩ። ስመለስ፣ “አመመህ?” አለችኝ።

ጉንጯን እያየሁ፣ “ኧረ አላመመኝም” አልኳት።