በሁለቱ ወንዞች መገናኛ



ዓባያችን በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በክረምት ወራት የአገራችንን አፈር ተሸክሞ እጅግ ይበረታ ስለ ነበረ፥ የነጩን ውሃ ገትቶ ያቆመው ነበረ። ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የሰው ልጆች ብዙ ዘመን ደክመዋል። የሮሙ ቄሣር ኔሮን የላካቸው ወታደሮች ከረግረጉ ሊያልፉ አልቻሉም። ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1618 የሰከላን ምንጭ አየ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚያው ደርሶ ቀዳሚው እኔ ነኝ ሲል ተመካ፤ የፓኤዝንም ምስክርነት አጣጣለ። በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ በዚሁ መገናኛ አካባቢ አለፈ፤ የወንዙ ረጅም ክንድ ግን ሌላው ነበረ። የሰከላ ገበሬ ከአባቶቹ ጀምሮ ከዚያ ምንጭ ሲጠጣ ኖሯል፤ ነገር ግን መጽሐፍ አልጻፈበትም።

እንግዲህ እውቀት ከንቱ ነውን? አይደለም። እኛ ሰባክያን ጳውሎስ እውቀት እንደሚያስታብይ መናገሩን እየጠቀስን፥ ተማሪ ልጆቻችንን ብዙ ጊዜ አሳዝነናል። ሐዋርያው ግን ራሱ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሰው ነበረ። የነቀፈው ስለ ደካማው ወንድም ግድ የሌለውን እውቀት ነው፤ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ይህን ያገኘዋል።

በካርቱም በ1902 የተከፈተው የጎርደን ኮሌጅ በ1956 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ብዙ ሐኪሞችንና መሐንዲሶችንም አፈራ። ሆኖም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዚያች በተማረች ከተማ ጦርነት ተነሣ፤ በዚያ እንጀራ ፍለጋ ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ሸሽተው ተመለሱ። ኢዮብ በ28ኛው ምዕራፍ የሚናገረው የማዕድን ቆፋሪ የምድርን ሆድ መርምሮ ብር ያወጣል፤ የጥበብን ስፍራ ግን አያገኝም። ይህን ስናነብ ስለ ካርቱም ብቻ የተጻፈ አይምሰለን፤ በእኛም አገር የተማሩ እጆች ጠመንጃ አንሥተዋል።

በመገናኛው ላይ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች። እርስዋም በጦርነቱ ተከብባ ብዙ ልጆችዋ ተሰደዱ። ከዚያ አስቀድሞ ግን፥ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ውሃው በካርቱም ከ17 ሜትር በላይ ወጣ፤ ልኬት ከተጀመረ ከመቶ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ሙላት አልታየም። በዚያ ክረምት በሱዳን ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቱቲ ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱት ታያ የሚባል የጥበቃ ሥርዓት ነበራቸው፤ ጎልማሶች በዳርቻው ላይ ሌሊቱን ሲጠብቁ ያድራሉ፥ ውሃው ሊያልፍ ሲል ሕዝቡን ቀስቅሰው ግድቡን አብረው ይደግፋሉ። እንዲህ ያለው ጠባቂ የሰከላን ምንጭ በዓይኑ አላየም፤ በጎጃም ስንት ቀን እንደ ዘነበም አያውቅም። ውሃው ከምሽት ወዲህ ምን ያህል እንደ ጨመረ ያውቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ብሎ የተሠራው ቤት የማን እንደ ሆነም ያውቃል፥ አስቀድሞም የሚያንኳኳው የዚያን ቤት ደጅ ነው።