እምነት የሚገባው በጆሮ ብቻ ነው?

ከአያት ተነስቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። በቀላል ባቡሩ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ በታክሲ ወደ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ በኋላ ዳገቱ ነው። ነጠላዋን ያደገደገች እናት በአንድ እጇ ጀሪካን፣ በሌላው የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ስትወጣ ብትታይ ማንም አይገረምም። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ ደግሞ ጎረቤት አስቀድሞ የሚመክራት ይህንኑ ነው፤ «ጸበል አስጠምቂው፣ ይከፈትለታል» ትባላለች። ሌላው መንገድ ወደ ከተማዋ ተቃራኒ ጫፍ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያመራል። መካኒሳ ውስጥ የአሜሪካ ሚስዮናውያን በ1956 ዓ.ም. የከፈቱት መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት አለ። ከአያት ሲታይ ሁለቱም ሩቅ ናቸው።

ዳገቱን የምታስቀድመው እናት ምክንያት አላት። ሃይማኖት በጆሮ ገብቶ በአንደበት ይወጣል የሚል የቆየ እሳቤ ውስጥ ነው ያደገችው። ስብከት ይሰማል፣ ዜማ ይሰማል፣ ጸሎተ ሃይማኖት ይባላል፣ ኃጢአት ለካህን ይነገራል። ታዲያ የማይሰማና የማይናገር ልጅ ከፈጣሪው ጋር በምን ይነጋገራል? ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፤ ታላላቅ የነገረ መለኮት ሊቃውንትንም አሳስቷል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ዐሥረኛ ምዕራፍ እምነትን ከመስማት ጋር አያይዞ ይናገራል። ከ354 እስከ 430 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኖረው አውግስጢኖስ ይህንን ቃል እንዳለ ወስዶ መስማት አለመቻል ለእምነት እንቅፋት ነው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ በምዕራቡ ዓለም ለብዙ ዘመናት እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ኖሯል። የሚገርመው ግን ያው አውግስጢኖስ ስለ ነፍስ ታላቅነት በጻፈው ሌላ መጽሐፍ ሚላን ከተማ ስለነበረ አንድ ወጣት ማንሳቱ ነው። ወጣቱ አይሰማም፣ አይናገርም፤ ከሰው ጋር ግን በእንቅስቃሴ ይግባባል። ስለዚህ ሊቁ ቋንቋው በእጅ ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር። ከእጅ ወደ እምነት የሚወስደውን ግማሽ እርምጃ ብቻ ሳይራመደው ቀረ። ጳውሎስም ቢሆን በዚያ ምዕራፍ የሚከራከረው ሰባኪ ሳይላክ ሕዝቡ እንዴት ያምናል ብሎ ነው። ነገሩ የላኪው ግዴታ እንጂ የአድማጩ ጆሮ ጤንነት አልነበረም።

ሚላን በዚሁ ጉዳይ እንደገና ብቅ ትላለች። በ1880 እ.ኤ.አ. እዚያ የተሰበሰቡ መምህራን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ፣ የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣና ልጆች ከንፈር በማንበብና በአንደበት በመናገር ብቻ እንዲማሩ ወሰኑ። በብዙ አገር ተማሪዎች እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። የዚያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተተኪ ውሳኔውን የሻረው ቫንኩቨር ላይ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ግን ለአንደበት ያን ያህል አያዳላም። የሳሙኤል እናት ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ አልነበራትም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። የተሰማው ግን የእሷ ጸሎት ነው፣ የተሳሳተው ደግሞ የሚሰማው ካህን። ካህኑ ዘካርያስም አንደበቱ በተያዘበት ወቅት ዘመዶቹ የልጁን ስም የጠየቁት በምልክት ነው፤ እሱም በሰሌዳ ጽፎ መለሰ፤ መጥምቁ ዮሐንስ ስሙን ያገኘው ድምፅ በሌለበት ንግግር ነው ማለት ይቻላል። በእስልምናም የሕግ ሊቃውንት መናገር የማይችል ሰው የታወቀ ምልክት እንደ ቃል እንዲቆጠር ፈቅደዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦቶማኖች ያጠናቀሩት መጀለ የተባለው የሕግ መጽሐፍ ይህንን ራሱን በቻለ አንቀጽ አስፍሮታል። በምልክት የተሸጠ ተሽጧል።

ደግሞስ የሚሰማው ምእመን ምን ያህሉን ይሰማል? እሑድ ማለዳ ከየካ እስከ እንጦጦ ባሉ አድባራት የሚያስቀድሰው ሕዝብ አብዛኛው ግዕዝ አያውቅም። ዲያቆኑ ተነሡ ሲል ይነሣል፣ ስገዱ ሲል ይሰግዳል፣ ዕጣኑ ሲመጣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ መስቀል ይሳለማል። ትርጉሙን በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ፣ በአፍንጫው፣ በጉልበቱ ይከተላል። አጠገቡ የቆመ መስማት የተሳነው ሰው የሚከተለውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ከበሮው ሲመታ በወለሉ በኩል በእግሩ እንኳ ይደርሰዋል። ግዕዝ የማይገባውን ሰው ከእምነት የራቀ የሚለው የለም። እንዲያ ከሆነ መስማት የተሳነውን ለይቶ ማዘን ከየት መጣ?

እርግጥ፣ የማርቆስ ወንጌል ሰባተኛ ምዕራፍ አለ። እናቲቱን ወደ ዳገቱ የሚያወጣት ይኸው ታሪክ ነው፤ ክርስቶስ «ኤፍታህ» ብሎ የአንዱን ሰው ጆሮ ከፈተ። ታሪኩ ሲሰበክ ጎልቶ የሚወጣው ያ አንድ ቃል ነው። ከቃሉ በፊት ያለውን ግን ቀስ ብሎ ላየው ሰው ሌላ ነገር ይገኛል። ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ጣቶቹን በጆሮዎቹ አስገባ። እንትፍ ብሎ ምላሱን ዳሰሰ። ወደ ሰማይ ተመለከተ፣ ቃተተ። ሰውየው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ድምፅ አልሰማም፤ የሆነውን ሁሉ ግን አይቷል። ጆሮህን፣ ምላስህን፣ ከላይ ከአምላክ ተብሎ በሚገባው መንገድ ተነግሮታል። ፈዋሹ መጀመሪያ የታማሚውን ቋንቋ ተናገረ፣ ፈውሱ ከዚያ በኋላ መጣ። በዚህ ምዕራፍ የሚሰብክ ሰው ይህንን ቅደም ተከተል ቢዘልለው ግማሹን ወንጌል ሳያነብ ወረደ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከሚስዮን ትምህርት ቤቶች ጋር የመጡ የአሜሪካና የስካንዲኔቪያ ምልክቶች አሉት፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በየሰፈራቸው ያመነጯቸውም አሉበት። ከመካኒሳ በፊት በዛሬዋ ኤርትራ ከረን ላይ፣ ከመካኒሳ በኋላ በ1981 እ.ኤ.አ. ሆሳዕና ላይ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ የሆሳዕናው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም፣ በዚያው አካባቢ የአማርኛን ፊደል በአንድ እጅ የሚጽፍ የጣት ፊደል ተዘጋጀ።

ጀማሪ ተማሪ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የፊደል ገበታው 33 ቤት በ7 ተባዝቶ 231 ይሆናል፤ ይህን ሁሉ በጣት መሸምደድ የማይቻል ይመስለዋል። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከሰ እስከ ሶ ቅርጹ አይለወጥም፣ የሚለወጠው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ግዕዙ፣ ካዕቡ፣ ሣልሱ በእንቅስቃሴው ይለያሉ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት የቆጠረ ሰው ቶሎ ይይዘዋል።

የሚያስቸግረው ፊደሉ አይደለም፣ አስተዳደጉ ነው። ጨዋ ቤት ያደገ ሰው ታላቁ ፊት ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ በምልክት ቋንቋ ግን ዓይኑን ከሰው ፊት ያነሣ ሰው ማዳመጥ አቁሟል። ጣት መቀሰር ነውር ነው ተብሎ ተገሥጿል፤ እዚህ ግን እኔ፣ አንተ፣ እሱ የሚባለው በመጠቆም ነው። ፊት መኮሳተርና ቅንድብ ማንሣት የሰዋስው ክፍል ነው፤ ጥያቄን ከተራ ዓረፍተ ነገር የሚለየው ቅንድብ ሊሆን ይችላል። ጀማሪው እጅ እጅ ያያል፤ ቋንቋውን የሚያውቁት ግን ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ እጁን በዓይናቸው ጠርዝ ይከታተሉታል። ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ ጣቱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቃላቱን በትክክል ቢያወጣ እንኳ ዜማ እንደሌለው ቅዳሴ ነው። ሰው በምልክት የሚጠራበትን ስም የሚሰጡትም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ናቸው፤ እንደ ክርስትና ስም ሁሉ ሰው ለራሱ አይመርጠውም።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይገለበጣል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ጀማሪው ብቻውን የማይገባው፣ ቀልዱ የሚያመልጠው፣ ቀስ በሉልኝ ብሎ የሚለምነው ሰው ነው። የጎደለው ጆሮ ሳይሆን ቋንቋ እንደሆነ የሚገባውም ያኔ ነው።

እናቲቱ ይህን የማወቅ ዕድሏ ጠባብ ነው። በዓለም ዙሪያ መስማት ተስኗቸው ከሚወለዱ ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወላጆች ሰሚዎች ናቸው፤ ልጁ ቤት ውስጥ ቋንቋውን የሚያስተምረው የለውም። የልጅ አእምሮ ቋንቋ የሚቀበልበት ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም። አንድ ልጅ ጆሮው እስኪከፈት ተብሎ እስከ ስምንትና ዘጠኝ ዓመቱ ያለ ምንም ቋንቋ ከቆየ፣ የሚጎዳው ስለ እግዚአብሔር የሚያስብበት ውስጣዊ ንግግሩ ጭምር ነው። ተአምር መጠበቁ በራሱ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ እስከዚያው ልጁን ሳያነጋግሩ መጠበቁ ነው።

እንጦጦ ይህን ክርክር በሌላ መልኩ አይቶታል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ለጸበል ሲሉ መድኃኒት ያቋርጡ በነበረበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለዚህኛውም ጉዳይ ይሠራል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ያንን መድኃኒት የሚውጠው ታማሚው ነበር። የምልክት ቋንቋን ግን እናት፣ አባት፣ እኅት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ካልዋጡት ለልጁ ብቻ መስጠት ዋጋ የለውም።

መንግሥት በበኩሉ የተወሰነ መንገድ ሄዷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይናገራል፤ የእጁ ቋንቋ ከነዚህ ይቆጠር አይቆጠር በስም አልጠቀሰም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል። በቴሌቪዥን ዜና ጥግ ላይ አስተርጓሚ ማየት ተለምዷል።

በአስተርጓሚ የማይሸፈን አንድ ነገር ግን አለ፤ ኑዛዜ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊው መነኩሴ ፔድሮ ፖንሴ ደ ሊዮን የመኳንንት ልጆችን ማስተማር ሲጀምር ከዓላማዎቹ አንዱ መናዘዝ እንዲችሉ ነበር። ችግሩ ዛሬም አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የንስሐ አባት ቤት ለመባረክ ሲመጡ ቤተሰቡ ተራ በተራ ለብቻው ገባ ይላል። መስማት የተሳነው የሃያ ዓመት ልጅ ተራ ሲደርስስ? እናቱ እጁን ታንብብለት ቢባል፣ ጎልማሳ ልጅ ኃጢአቱን ለእናቱ ተናዘዘ ማለት ነው። የሠለጠነ አስተርጓሚ ቢመጣም ለሁለት ሰው የተባለው ምስጢር ሦስተኛ ሰው አወቀው። ወረቀት የሚያገለግለው መጻፍና ማንበብ የመማር ዕድል ላገኘ ነው። የቀረው መንገድ ካህኑ ራሳቸው ቁጭ ብለው ከሰ፣ ሱ፣ ሲ መጀመራቸው ነው፤ አስተማሪያቸው ደግሞ ያው የንስሐ ልጃቸው ሳይሆን አይቀርም።