ርቀትና የልብ አንድነት

ሰዎች በአንድ ሥራ ተጠምደው፣ ነገር ግን በተራራና በወንዝ ተለያይተው ሲኖሩ አንድ ልብ ሊሆኑ ይችላሉን? «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚለው የአበው ብሂል አይችሉም የሚል ይመስላል።

ከአምቦ በስተደቡብ፣ በሐሮ ወንጪ ዳርቻ የቆመ ሰው የቂርቆስ ገዳም ያለበትን ደሴት ያየዋል፤ ጀልባ ካልተቀዘፈ ግን አይደርስበትም። ስለዚህ የሚለየን ውኃው ብቻ ሳይሆን ስንፍናችንም ጭምር ነው።

በሀገራችን አቡነ ማስያስ በመባል የሚታወቁት ካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1852 ጉድሩ ከገቡ በኋላ፣ ጥቂት ካህናቶቻቸው እስከ ሊሙና ከፋ ድረስ ተበታትነው ይሠሩ ነበር። ስልክ አልነበረም፤ ደብዳቤ በመልእክተኛ እጅ ይጓዝ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ምእመናን ከመጻፉ አስቀድሞ ጢሞቴዎስን ልኮ በእምነት እንዴት እንዳሉ ጠይቋል (1ኛ ተሰ. 3)። ከምክሩ በፊት መጠየቁ ቀደመ።

ዛሬ ስልክ በእጃችን ሳለ፣ በሩቅ ጸሎት ቤት ብቻውን ለሚያስተምር ወንድማችን የምንደውለው የንዑሰ ክርስቲያኖችን ቁጥር ስንፈልግ ብቻ ከሆነ፣ እኛ ካህናት ልንወቀስ ይገባናል። ዝም ያለው ወንድም ቸልተኛ ሳይሆን የተረሳ ሊሆን ይችላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩም ድካሙን ሸሽጎ መልካሙን ወሬ ብቻ ቢልክ አንድነቱን ይጎዳል፤ የተሸሸገ ሸክም ማንም ሊጋራው አይችልምና።

እንግዲህ ከሪፖርቱ አስቀድመን ስለ ጤናውና ስለ ቤተሰቡ እንጠይቅ፤ በዓመት ጥቂት ጊዜም ቢሆን በአንድ ማዕድ እንቀመጥ። ብሂሉ እውነት የሚሆነው ጠያቂ ሲጠፋ ነው። እግዚአብሔር የልብ አንድነትን ያድለን፤ አሜን።