ሙያ የሚባለው ምንድር ነው?

በሀገራችን ዶሮ መሥራት የሴት ልጅ ሙያ መለኪያ ሆኖ ከተቈጠረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዶሮውን በ12 ብልት ለይቶ፥ ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላልቶ፥ በርበሬውንና ቅቤውን በየጊዜው ጨምሮ ለማዕድ ማቅረብ ቀላል ነገር አይደለምና እናቶቻችን ሙያውን ማክበራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። (እኛ ግን ከመብላት በቀር በዚህ ሙያ ድርሻ እንደሌለን አንክድም።) ነገር ግን የማያውቅ ሰው ስላላወቀ ሊያፍር ይገባዋልን? የሚያውቀውስ በማያውቀው ላይ ሊስቅ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በቃሊቲ ካየነው ነገር ተነሥተን ነው።

ቃሊቲ፥ አንባብያን እንደሚያውቁት፥ በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነው። ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ወጣቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በአገር ቤት ቢሆን ሴት ልጅ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ፥ ከዓመት ዓመት እያየች ትማራለች፤ በኪራይ ቤት ግን እናት የለችም። ከነዚህም አንዲቱ፥ ገና በሕፃንነቷ እናቷ የሞተችባት ልጅ፥ ጾሟን ፈጽማ በቀዳም ሥዑር አንድ አውራ ዶሮ ገዛች። የጎረቤት ልጅ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብሎ አረደላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ብቻዋን ሠራች፤ ዶሮ ስትሠራም ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

የዶሮን አበላለት ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ላባውን በፈላ ውሃ ነክሮ መንጨት፥ የቀረውን በእሳት መለብለብ፥ ቈዳውን መግፈፍ፥ ሐሞቱን ሳያፈስሱ የሆድ ዕቃውን ማውጣት ያስፈልጋል። ሐሞቱ ከፈሰሰ ሥጋው ይመርራል። ከዚያም ቢላዋው አጥንቱን ሳይሰብር በመገጣጠሚያው መግባት አለበት፤ እግሩም፥ ክንፉም፥ አንገቱም፥ ፈረሰኛውም እያንዳንዱ የራሱ መለያ አለውና። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠቡም ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንደምናገኘው፥ ሐዋርያት ከደም እንድንርቅ አዝዘዋልና ከሃይማኖታችን ጋራ የተያያዘ ነው። ልጅቱ እጥበቱን አልበደለችም። ቢላዋውን ግን በአጥንቱ ላይ አሳረፈችው፤ 12 ሊሆን የሚገባው ብልት 9 ሆነ፥ የቀረውም ስብርባሪ።

የግቢው ሴቶች አይተው ሳቁ። ክፋት አስበው ነው አንልም። ነገር ግን አንዲት ባልቴት «እናትሽ ምን አስተማረችሽ?» አሏት። የእናቷን ነገር አያውቁም ነበር። ልጅቱ ድስቷን ከድና በሯን ዘጋች፤ በትንሣኤ ዕለት ግቢው ሁሉ በአንድ ማዕድ ሲቀመጥ እርስዋ «አሞኛል» ብላ ብቻዋን ዋለች።

እንግዲህ በደሉ የት ላይ ነው? አጥንት መስበር ኃጢአት አይደለም። አለማወቅም፥ ለመማር እንቢ ካላሉ በቀር፥ ነውር አይደለም፤ ከእናቱ ማኅፀን ዜማ አውቆ የወጣ መሪጌታ የለምና። እኛም ራሳችንን እንመርምር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀድስ ትንሽ ዲያቆን ቃል ሲሳሳት እርስ በርሳችን የምንተያይ ጥቂቶች አይደለንም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው ሰርቆ አይደለም፤ በተሰጠው ሳያተርፍበት ስለ ቀረ ነው። ሙያም መክሊት ነው። ባለሙያዪቱ ከእናቷ ተቀበለችው እንጂ ራሷ አልፈጠረችውም፤ በተቀበለችው እየኮራች ያልተቀበለችውን ልጅ ካሳፈረች መክሊቷን ቀበረችው ማለት ነው።

«ሙያ ካልተከበረና የማያውቅ ካላፈረ ሙያው ይጠፋል» የሚሉን አሉ። ስለ መጥፋቱ የሚሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ በከተማችን ተበልቶ የተዘጋጀ ዶሮ ከሱቅ መግዛት ተለምዷልና። ሆኖም ልጅቱን ወደ ሱቅ የሚሰዳት ምን እንደ ሆነ እናስተውል። አንድ ጊዜ የተሳቀባት ሁለተኛ ቢላዋ ለማንሣት ድፍረት ከየት ታገኛለች?

ባልቴቷ የልጅቱን ነገር ከሌላ ሰው ሰምተው እጅግ አዘኑ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሄደው ቃል አጥተው መመለሳቸውን ራሳቸው ነግረውናል። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግን አንድ ዶሮ ይዘው ከልጅቱ በር ቆሙ። ቢላዋውን ለእርስዋ ሰጥተው፥ እርሳቸው እግሩን ይዘው፥ መገጣጠሚያውን በጣታቸው እያሳዩ እስኪመሽ ድረስ አብረው ቈዩ። ስንት ብልት እንደ ወጣው አልጠየቅናቸውም።