ዘሩ ከመበላቱ በፊት



ዝናብ ሲዘገይ ኢማሙ ጀመዓውን ይዞ ሜዳ ይወጣል፤ ሶላተል ኢስቲስቃእ ይሰገዳል፤ ኢስቲግፋር ይበዛል። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነውና አልሐምዱሊላህ። ከዱዓው በኋላ ግን አንድ ነገር እንረሳለን፤ ዘሩን።

የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ ታገሱ ብለው ብቻ አላለፉም። ሰባት ዓመት እንዲዘሩ፣ ከሚበሉት ጥቂት በቀር ያጨዱትን ከነዘለላው እንዲያቆዩት ነገሯቸው። ከዚያ የሚመጡት ሰባት የችግር ዓመታት የተከማቸውን ሲጨርሱት እንኳ ተጠብቆ የሚቀር ጥቂት ነገር አለ። ኢማም አል-ቁርጡቢ በተፍሲራቸው ይህን ለዘር የሚቀመጠው ነው ብለው ያብራሩታል። ሱብሐነላህ! ረሃቡ በጠናበት ዓመትም እጅ የማይነካው እህል።

ከነዘለላው ማቆየት ለገበሬዎቻችን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ለዘር የመረጡትን የማሽላ ራስ ሳይወቁ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃው በላይ ጪስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅሉት ነበር።

ማሽላውን ራሱን ተመልከቱት። ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉን ይጠቀልላል። ቅጠሉና አገዳው ሰም በመሰለ ነገር ስለተሸፈነ እርጥበቱ ቶሎ አያመልጥም። ድርቁ ሲጠና እድገቱን ገታ አድርጎ ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ፍሬው በሚሞላበት ሰዓት ዝናብ ቢቋረጥ እንኳ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ የሚቆይ ዓይነትም አለ። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ወደ ሌላ ማሽላ ለማሻገር በብዛት ከሚጠቀሙባቸው ዝርያዎች የአንዱ መነሻ የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ይህን ጥበብ በፍሬዋ ውስጥ ያኖረው አላህ (ሱ.ወ) ነው። ገበሬው ደግሞ አማናውን ተቀብሎ ከትውልድ ትውልድ እየመረጠ አቆየው።

አሁን ዝናቡ ጠባዩን ለውጧል። በሚያዝያ የሚዘራው፣ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ ዝናብ ሲዘገይበት ገበሬው ቶሎ የሚደርሰውን ይዘራል፤ እሱም ካልሆነ ጤፍ ወይም ሽምብራ። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን የተለያየ ዘር በቤቱ ካለ ብቻ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ማን ይፈርድበታል? ነፍስን ማትረፍ ይቀድማል። ዝናቡ ሲመለስ ግን መሬቱ አለ፣ የሚዘራ የለም። ዶ/ር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው በዚያ ክፉ ዘመን የአገሩን ዘር እየሰበሰቡ አዲስ አበባ ባለው የዘር ባንክ ማቆየታቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ድርቅ በመጣ ቁጥር የገጠሩን ሰው ወንጀል ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ሲቀሩ ያ ሁሉ ከብት ያለቀበት አርብቶ አደር ከእኛ ከከተሜዎቹ ይበልጥ ወንጀለኛ ነበር? ተውባው ለሁላችንም ነው፤ እርዳታው ግን በእኛ ላይ ነው።

ሀገር ቤት ዘመድ ያላችሁ፣ በጅዳም በዱባይም የምትኖሩ፣ ሰደቃችሁ የተራቡ ሕፃናት ፎቶ እስኪለጠፍ አይጠብቅ። ያን ጊዜ ዘሩ ተበልቷል። ዛሬ ከጁሙዐ በኋላ ደውሉና ለዘር የቀረ ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ፣ የዘሩን ገንዘብ ከቀለቡ ለይታችሁ፣ የመዝሪያው ወር ሳይገባ ላኩ።