ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ገበያ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ዓለም አቀፍ የንግድ ሕግን ስንመረምር መነሻችን የቀረጥ መጠንና የውል አንቀጽ ሳይሆን አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሊሆን ይገባል። ይኸውም፦ የአንድን ሕዝብ የድካም ፍሬና ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰውን ዕውቀት የሚመለከት ሕግ፣ ያ ሕዝብ ሳይጠየቅ ሲወጣ ፍትሐዊ ሊባል ይችላልን? የሕግ አውጪው አሳብ በጎ ቢሆንስ? ሕጉ ለጊዜው ጥቅም የሚያስገኝ ቢሆንስ?

ጥያቄው ረቂቅ ቢመስልም ሥጋ ለብሶ የሚታይበት ቦታ አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የታነጸው፣ በተለይ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ገብተውበት ለውጭ ገበያ እንዲያመርቱ ነበር። በስፌት መኪናው ፊት የተቀመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። እነርሱ የሚሰፉት ልብስ ልኩም፣ ቀለሙም፣ ዋጋውም የሚቆረጠው በሩቅ አገር ነበር። በዚያችው ከተማ ገበያ ግን ሸማኔው በእጁ የሠራው ነጠላ፣ በጥልፍ ያጌጠው የትግራይ ቀሚስ ይሸጣል። የፋብሪካው ልብስና የሸማኔው ሸማ በአንድ ከተማ ውለው ያድራሉ፤ የዓለም የንግድ ሕግ የሚያያቸው ግን በሁለት ዐይን ነው።

ይህን ለመረዳት አሜሪካ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ያወጣችውንና በተለምዶ አጎዋ የሚባለውን ሕግ መመልከት ይበቃል። ሕጉ ከተመረጡ የአፍሪካ አገሮች የሚሄደው ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደ። አነስተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ደግሞ ጨርቁ ከየትም አገር ቢመጣ ስፌቱ ብቻ እንዲበቃቸው አደረገ። በዚሁ ሕግ ውስጥ በእጅ ለተሸመነና ለባህላዊ የእጅ ሥራ የተከፈተች አንዲት ጠባብ በርም ነበረች። ይሁን እንጂ የትኛው ሥራ «ባህላዊ» እንደሚባል የሚስማሙት መንግሥታቱ ናቸው፤ የምስክር ወረቀቱንም የሚሰጠው የመንግሥት ባለሥልጣን ነው። ሸማኔው የሥራው ባለቤት ሆኖ ሳለ ስለ ሥራው ማንነት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሌላ ሆነ።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ የመቐለው ፓርክ ሥራም ቆመ። ጦርነቱ በቀጠለበት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል በማለት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት ሰረዘ። የሰብአዊ መብት መከበር ታላቅ ጉዳይ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በስሙ የተወሰነው የቅጣት ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። ሥራው በቀጠለባቸው በሐዋሳና በሌሎች ፓርኮች የምትሠራዋ ወጣት ጦርነቱን አላወጀችም። ጦርነቱ ከሥራዋ ያፈናቀላት የመቐለዋ ሠራተኛ ደግሞ በስሟ በተወሰነ ቅጣት፣ ሰላም ሲወርድ ልትመለስበት የምትችለው ገበያ ጠበበባት። ያችም ለሸማኔው የተከፈተች ጠባብ በር አብራ ተዘጋች።

«አጎዋ ችሮታ ነው፤ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ቢነሣ ምን ያስወቅሰዋል?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አባባሉ በሕግ ረገድ ክብደት አለው። በሥነ ምግባር ረገድ ግን ሰው ቀዬውን ትቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ኑሮውን በአንድ ተስፋ ላይ እንዲመሠርት ከተደረገ በኋላ ያ ተስፋ ተራ ስጦታ መሆኑ ይቀራል፤ ኀላፊነትን ያስከትላል። በአገራችን የሽምግልና ሥርዐት እንኳንስ ያላጠፋ ሰው፣ አጥፍቷል የተባለውም ቢሆን ቃሉ ሳይሰማ አይፈረድበትም።

እስካሁን ያየነው የጉልበትን ጉዳይ ነው። በውርስ ዕውቀት ረገድ ደግሞ ከጤፍ ታሪክ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ አጠቃቀምና ስለ ጥቅም መጋራት ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው ቀደም ሲል ባቀረበው ማመልከቻ መሠረት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትና ከዱቄቱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ በአውሮፓ የፓተንት መብት በ1999 ዓ.ም. ተሰጠው። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትና ሊጥ አቦካክ ለኢትዮጵያዊት ሴት ከእናቷ የወረሰችው ባልትና መሆኑን ግን መዝገቡ አላወቀም። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት ጥቅም 4,000 ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ አነስተኛ የምርምር ሥራ ብቻ ነበር። የፓተንት መብቱ ግን በሌላ እጅ ኖረ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሄግ የሚገኝ ፍርድ ቤት ያ ፓተንት የፈጠራ ብልኃት ይጐድለዋል ሲል በኔዘርላንድ ዋጋ እንደሌለው ወሰነ። ዜናው ሲሰማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተደሰቱ፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ሆኖም ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ፦ በችሎቱ የተሟገቱት ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። ጤፍን ከዱር ሣር ለይቶ፣ በየወይና ደጋው አላምዶ ያቆየው ገበሬ ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ምስክርም አልነበረም። ፍርዱ የመጣው ሁለት እንግዶች ስለ እርሱ ንብረት ስለተጣሉ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ እዚህ ግን ባለቤቱ የተናቀው በክፋት ብቻ ሳይሆን ሕጉ ስለማያየው ነው። የፓተንት ሕግ አዲስ ነገር የፈጠረን፣ ስሙ የታወቀን አመልካች ይፈልጋል፤ ሺህ ዓመት በጋራ የተደከመበት ዕውቀት ግን አዲስም አይደለም፣ የአንድ ሰውም አይደለም።

መንግሥት ስለ ሕዝቡ ከተናገረ አይበቃምን? አንዳንድ ጊዜ መልካም ውጤት ያስገኛል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ተነሥታ፣ ከክርክር በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማምታለች። ነገር ግን የጤፉንም ውል የፈረሙት የመንግሥት ተቋማት እንደ ነበሩ አንርሳ። ከዚህም ሌላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ያጸደቀው መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለትም አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበልን ማግሥት ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን በድምፅ አሰጣጡ አልተገኘችም። «እኛ ሁላችንም ነባር ነን» የሚለው መልስ እውነትነት አለው። ዳሩ ግን ሁላችን ባለቤት ነን ማለት፣ ማንም በተለይ አይጠየቅ ወደ ማለት እንዳያደርሰን መጠንቀቅ ያሻል።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በቤታችን አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸውን እንዲሰጡ መብት ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 482/1998ም ማኅበረሰቦች በዕውቀታቸው ላይ ያላቸውን መብት ደንግጓል። በዓድዋ የተወለዱትና በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ የገበሬና የአካባቢ ማኅበረሰብ መብት በዓለም የድርድር መድረክ እንዲታወቅ የአፍሪካ አገሮችን ድምፅ አስተባብረው የተከራከሩ የዚህችው ምድር ልጅ ነበሩ። በሌላውም ዓለም መንገዱ ተጀምሯል። ኒውዚላንድ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በንግድ ስምምነቶቿ ውስጥ ለማኦሪ ሕዝብ ያለባትን ግዴታ የምትፈጽምበትን አንቀጽ አስገብታለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በጄኔቫ የጸደቀው ስምምነትም የፓተንት አመልካች የተጠቀመበትን የብዝኀ ሕይወት ሀብትና የውርስ ዕውቀት ምንጭ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ 15 አገሮች ሲያጸድቁትም በሥራ ላይ እንዲውል ደንግጓል።

ሁሉም ከተጠየቀ ንግድ ይቆማል የሚል ስጋት ይነሣ ይሆናል። መጠየቅ ማለት ግን እያንዳንዱ ሰው ስምምነትን የመሻር ሥልጣን ይኑረው ማለት አይደለም። ለመቐለ ሲታሰብ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ስለ ልብስ ገበያ ድርድር ሲደረግ የስፌት ሠራተኛዋና ሸማኔው የመረጧቸው እንደራሴዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ። የገበያ ዕድል የሚነፈግ ከሆነም አስቀድሞ የሚጎዳው ሠራተኛ ይሰማ፤ መቋቋሚያ ጊዜም ይሰጠው። ጥለትና ጥልፍ ለፋብሪካ ልብስ ጌጥ ሲወሰድ የሠሪው ማኅበረሰብ ስም ይጠራ፤ ከዋጋውም ይካፈል። ኢትዮጵያ ከጥር 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዓለም የንግድ ድርጅት ለመግባት ስትደራደር የቆየች አገር ናት። ተደራዳሪዎቻችን ከውጭው ዓለም የሚሹትን መደመጥ አስቀድመው ለገዛ ገበሬያቸው፣ ለገዛ ሸማኔያቸውና ለገዛ ሠራተኛቸው ሊሰጡ ይገባል፤ ይህን ሳያደርጉ በሌላው ላይ የሚያነሡት የፍትሕ ክስ ግማሽ ክስ ነው።