የመንገደኛው ሁለተኛ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን የተጓዙት መልእክተኛ ሆነው ነበርና፥ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ቢያተርፉልንም፥ ተቀባይ ያልተለያቸው ክቡር እንግዳ ነበሩ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማንም ሳይቀበለው በእግሩ የሚሄደው ነው፤ እርሱ በውኑ ብቻውን ነውን?

በሺኮኩ ደሴት 88 መቅደሶችን ለመሳለም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ጃፓናዊ፥ ነጭ ለብሶ፥ ሁለት ሆኖ እንደሚሄድ የሚናገር ቃል የተጻፈበት የሣር ባርኔጣ ደፍቶ ይወጣል፤ ሁለተኛው በ9ኛው መቶ ዘመን የኖረው መምህር ኮቦ ዳይሺ ነው፤ በትሩም የመምህሩ ምሳሌ ስለ ሆነ፥ ተሳላሚው ከማደሪያው ሲደርስ ከራሱ እግር አስቀድሞ የበትሩን ጫፍ ያጥባል። ይህን ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ የሚያልፍ ክርስቲያን ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን በኤማሁስ መንገድ ሳይታወቅ የተጨመረውን ሦስተኛ መንገደኛ ያስታውስ።

በአገራችንም ለመሳለም ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ አንድ የአርሲ ሽማግሌ በሁሩታ ገበያ ዳር አረፍ ሲሉ፥ ጫፉ ባላ የሆነውን በትራቸውን አስቀድመው ከግድግዳው ጥላ አስጠጉት። «አባባ፥ ብቻዎን ነው የመጡት?» ብላቸው፥ ወደ በትሩ ተመለከቱና ውኃ ለመኑኝ።